ጨረቃ ኮከብ ስትጋርድ ያየሁትን ለማንና እንዴት ልላክ?

የሐይቅዳሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው፤ ቀን ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ወንድሜ ከውጭ ሲመለስ ያመጣልኝ የሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ምሽት ሰገነታችን ላይ ወጥቼ የአምስት ቀን ጨረቃ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ እመለከት ነበር። ያልበራው የጨረቃ ገጽ አመድማ ሆኖ በስሱ ይታያል። ከጨለማው ጠርዝ አጠገብ አንዲት ደብዘዝ ያለች ኮከብ ነበረች። ጨረቃዋ ቀረበቻት፣ ቀረበቻት፤ ከዚያ ኮከቧ ጠፋች። ደመና እንደሚሸፍናት ቀስ እያለች አልነበረም። መብራት ሲቋረጥ እንደሚሆነው በአንድ ጊዜ ድርግም አለች። እጄ እስኪንቀጠቀጥ ደነገጥሁ። ጮኼ ወንድሜን ጠራሁትና ስልኩን አይቶ «2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ» አለኝ። ያንን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁት።

ከዚያ በኋላ ሳነብ ይህ ክስተት ኦካልቴሽን እንደሚባልና እንደ እኔ ያሉ ሰዎች የመዘገቡት ጊዜ ለሳይንስ እንደሚያገለግል አወቅሁ። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። የእኔ ምዝገባ ይጠቅማል? ከጠቀመ ለማን ነው የሚላከው? ምን ምን መጻፍ አለብኝ? ካሜራ የለኝም፤ ያለኝ ዓይኔ፣ ቴሌስኮፔና ስልኬ ብቻ ነው። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።


አዳማ ነፋስ፦

እህቴ፣ ያየሽው ነገር ድንቅ ነው። ሆኖም የማይሆን ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም። በዓይን ታይቶ በእጅ የሚመዘገብ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት አሥረኛ ስሕተት ይዞ ነው የሚመጣው። ቪዲዮ ግን ስሕተቱን ወደ ጥቂት መቶኛ ሰከንድ ያወርደዋል። ድሮ ይህ ሥራ የሚፈለገው የጨረቃን ጠርዝ ተራራና ሸለቆ ለማወቅ ነበር፤ አሁን የጃፓኗ ካጉያና የአሜሪካው ኤልአርኦ መንኮራኩሮች የጨረቃን ገጽ ለክተው ጨርሰዋል። የከዋክብትን ቦታ ደግሞ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ሰጥታናለች። ስለዚህ ገንዘብ አጠራቅመሽ ካሜራ ግዢ፤ ካልሆነም ነገሩን እንጦጦ ላይ ላሉት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች መተው ይሻላል እላለሁ።


ጡረተኛው ቀያሽ፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ከ30 ዓመት በላይ መሬት ስቀይስ የኖርሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ እዚሁ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ካለው ግቢዬ ሆኜ ጨረቃ ከዋክብትን የምትጋርድበትን ጊዜ እመዘግባለሁ፤ እልካለሁም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የአዳማው ወንድማችን ስላለው ነገር። ስለ ቪዲዮና ስለ መንኮራኩሮቹ የተናገረው እውነት ነው። ስለ እንጦጦ ግን አልስማማም። ጨረቃ ቅርብ ናት፤ ኮከቡ ግን እጅግ ሩቅ ነው። ከእንጦጦና ከሀዋሳ የሚታየው ጨረቃ ለየቅል ነው። በመካከላችን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ ስለዚህ አንዱ ኮከብ እዚያ ከአንድ የጨረቃ ተራራ ጀርባ ሲገባ እዚህ ከሌላ ተራራ ጀርባ፣ በሌላ ሰዓት ይገባል። አንዳንዴ እዚያ ተጋርዶ እዚህ ጭራሽ ላይጋረድ ይችላል። በዚህ ሥራ ትልቅ ቴሌስኮፕ የትንሹን ቦታ አይሸፍንም፤ ቴሌስኮፑ የቆመበት ነጥብ ራሱ ነው መረጃው። በዚያ ላይ ይህን የሚመዘግቡት ሰዎች በብዛት ያሉት በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ነው። በአፍሪካ የደቡብ አፍሪካ ሰዎች የቆየ ልማድ አላቸው። በእኛ ኬክሮስ ግን ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለ።

ደግሞ ዓይን የሚያየው ጊዜን ብቻ አይደለም። ኮከቧ «በአንድ ጊዜ ድርግም አለች» ብለሽ ጽፈሻል። ያ ራሱ ምዝገባ ነው። አንዳንዷ በአንድ ጊዜ አትጠፋም፤ መጀመሪያ ትደበዝዛለች፣ ለቅጽበት እንደዚያው ትቆያለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ይህ የሚሆነው አንድ መስላ የታየችን ኮከብ ሁለት ስትሆን ነው፤ ጨረቃ አንዷን ቀድማ ሌላዋን አስከትላ ትጋርዳለች። አንታሬስ የተባለችው ቀይ ኮከብ ጓደኛ እንዳላት የታወቀው እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1819 ቪየና ውስጥ ዮሐን ቶቢያስ ቡርግ የተባለ ሰው አንታሬስ ከጨረቃ ጀርባ ስትወጣ እየተመለከተ አገኛት። ካሜራ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ በአውስትራሊያው የፓርክስ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጨረቃ 3ሲ 273 የተባለውን የሬዲዮ ምንጭ ስትጋርድ ተጠብቆ ቦታው በትክክል ተለየ፤ ኳሳር የሚባለው እጅግ ሩቅና ብርቱ የብርሃን ምንጭ ምን እንደሆነ የታወቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችንም ጥቅም አለው። በኮከቡ ብርሃን የሚጣለው የጨረቃ ጥላ ምድር ላይ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ሀዋሳ ደግሞ በምድር መሽከርከር ምክንያት በሰከንድ 460 ሜትር ገደማ ወደዚያው ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች። ጨረቃ በአናታችን ላይ ስትሆን ጥላው እኛን የሚቀድመን በግማሽ ያህል ፍጥነት ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሁለት ከዋክብት መደብዘዝ እዚህ ትንሽ ይረዝማል፤ ዓይንም ይይዘዋል። ግማሽ ጨረቃ ምሽት ላይ በአናትሽ ስትሆን ጠብቂ፤ ከአምስት ቀን ጨረቃ ይልቅ ያኔ ይሻልሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የምትልኪው አይኦታ በሚል ምህጻር ለሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኦካልቴሽን ጊዜ መዝጋቢዎች ማኅበር ነው። ቀድሞ ምዝገባዎቹ በእንግሊዝ አገር ይሰበሰቡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ቶኪዮ ያለ ማዕከል ይሰበስባቸው ነበር፤ ያ ከተዘጋ በኋላ ሥራውን አማተሮቹ ራሳቸው ተረከቡት። መዝገቡ እ.ኤ.አ. ከ1623 ጀምሮ ያሉ ምዝገባዎችን ይዟል፤ ማንም ተመራማሪ ከፍቶ ሊጠቀምበት ይችላል። አንቺም የምትገቢው እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ኦካልት የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተርሽ ላይ ጫኚ። የቆምሽበትን ነጥብ ስትሰጪው በዚያ ወር ከዚያ ነጥብ የሚጋረዱትን ከዋክብት ይዘረዝርልሻል፦ የኮከቡን ቁጥር፣ ድምቀቱን፣ ሰዓቱን፣ በጨለማው ወይስ በብሩሁ ጠርዝ እንደሚጠፋ። ያንቺን የማክሰኞዋን ኮከብም ወደ ኋላ ተመልሰሽ ልታገኚያት ትችያለሽ። ጨረቃ ሙሉ ከመሆኗ በፊት ከዋክብት የሚጠፉት በጨለማው ጠርዝ ስለሆነ ለጀማሪ ያ ጊዜ ይቀላል፤ ከሞላች በኋላ ጨለማው ጠርዝ የሚወጡበት ይሆናል፤ የት እንደሚወጣ በትክክል ካላወቅሽ ደግሞ ያመልጥሻል።

የቆምሽበትን ነጥብ ነገር በቀላሉ አትለፊው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ምዝገባዎቼን በላክሁ ጊዜ ኬንትሮስና ኬክሮሱን ያነበብሁት ለዓመታት ከሠራሁበት የ1 ለ50,000 ካርታ ላይ ነበር። ከሰብሳቢው የመጣልኝ መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ዳተሙ የትኛው ነው?» ዳተም ማለት ኬንትሮስና ኬክሮስ የሚለኩበት መነሻ ነው። ልቤ ድንግጥ አለ። የድሮ ካርታዎቻችን አዲንዳን በተባለው ዳተም የተሠሩ ናቸው፤ ምዝገባው የሚሞላበት የማኅበሩ ቅጽ የሚፈልገው ደግሞ ጂፒኤስ የሚጠቀምበትን ደብልዩጂኤስ 84ን ነው። የሁለቱ ልዩነት በእኛ አገር ከ100 ሜትር በላይ ነው። 100 ሜትር ለቤት ካርታ ብዙ ነው፤ እዚህ ደግሞ የአንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ስሕተት ነው፤ ጥላው የሚሮጠውን አስቢ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎችን ስለ ዳተም ስቆጣ የኖርሁ ሰው ይህን መርሳቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ጂፒኤስ ይዘሽ ሰገነቱ ላይ አሥር ደቂቃ ቆመሽ አንብቢ፣ ዳተሙን ጻፊ፣ ሁልጊዜም ከዚያው ነጥብ ተመልከቺ።

ሰዓቱ የባሰ ነው። «2 ሰዓት ከ14» ብለሽ ብትልኪ ማንም አይረዳሽም። ቅጹ የሚቀበለው ዩቲሲ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ላይ 15 ደምሪ፦ ምሽት 2፡14 ማለት 17፡14 ዩቲሲ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስትደርሺ ዩቲሲው 24 ይሞላና ዜሮ ይሆናል፤ ቀኑም የሚለወጠው ያኔ ነው። ከሌሊቱ 8፡50 ያየሽው እና 9፡10 ያየሽው በቅጹ ላይ በሁለት የተለያዩ ቀኖች ይሰፍራሉ። ቀኑም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ይህን በደከመ ዓይን ሌሊት ላይ አትቀይሪው፤ በደብተርሽ ያየሽውን እንዳየሽው ጻፊ፣ ጠዋት ቀይሪ።

የስልክሽን ሰዓት ግን አትመኚ። ከኔትወርክ የሚመጣው ሰዓት ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊሳሳት ይችላል። ጂፒኤስ የሚያሳይ ከሆነም ተጠንቀቂ፤ የጂፒኤስ የራሱ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ከዩቲሲ በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ያስተካክሉታል፤ ነገር ግን ማስተካከያው ከሳተላይቱ ሙሉ ሆኖ እስኪደርስ 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅ ይችላል። አሁን ከፍተሽ አሁን አታንብቢ።

የማክሰኞዋን ምዝገባ እንዳትልኪ እመክርሻለሁ። ወንድምሽ ጩኸትሽን ሰምቶ፣ ስልኩን አንሥቶ፣ አይቶ እስኪነግርሽ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ማንም አያውቅም። ስሕተት ያለበት ቁጥር መላክ ነውር የለውም፤ ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ የማይታወቅ ቁጥር ግን ለማንም አይሆንም። በደብተርሽ ትቆይ። የመጀመሪያሽ ናት።


አጭር ሞገድ፦

ጋሼ የሰዓቱን ችግር በደንብ አስረድተዋል፤ መፍትሔውን እኔ ልጨምር። እህታችን አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ ካለሽ ወይም ከጎረቤት ካገኘሽ የቻይናውን ቢፒኤም የሰዓት ጣቢያ በ5 ወይም በ10 ሜጋ ኸርዝ ፈልጊ። በየሰከንዱ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል፤ ደቂቃ ሲሞላ ድምፁ ይረዝማል። ስቶፕዎቹን (ሰከንድ መቁጠሪያውን) ኮከቧ ስትጠፋ አስጀምሪው፣ ከዚያ ተረጋግተሽ የደቂቃውን ረጅም ድምፅ ጠብቀሽ አቁሚው። ለምሳሌ በ17፡16፡00 ላይ አቁመሽው 1 ደቂቃ ከ22.4 ሰከንድ ካነበበ፣ ኮከቧ የጠፋችው በ17፡14፡37.6 ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጣቢያው ከ25ኛው እስከ 29ኛው እና ከ55ኛው እስከ 59ኛው ደቂቃ የሚያሰማው ዩቲሲን ሳይሆን የምድርን መዞር የሚከተለውን ሌላ ሰዓት ነው። ከ15 እስከ 25 ወይም ከ45 እስከ 55 ባለው ብታቆሚ ጥሩ ነው።


የሐይቅዳሯ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በጣም አመሰግናለሁ። አባቴ ዜና የሚሰማበት ሬዲዮ አጭር ሞገድ ይይዛል፤ ትናንት ማታ ጢቅታውን አገኘሁት! አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጋሼ፣ ኮከቧ ስትጠፋና ጣቴ ስቶፕዎቹን ሲጫን መካከል ያለው መዘግየትስ? እሱን እንዴት አውቃለሁ?


ጡረተኛው ቀያሽ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቅጹም ይጠይቅሻል። ደቂቃውን ስታቆሚ ጢቅታውን እየቆጠርሽ ስለምትጠብቂው መዘግየት የለም ማለት ይቻላል። ኮከቧ ስትጠፋ ግን ሳታስቢው ስለሆነ ትዘገያለሽ፤ የብዙ ሰው ወደ 0.3 ሰከንድ ይጠጋል። የአንቺ ስንት እንደሆነ በቤትሽ ልትለኪው ትችያለሽ። ወንድምሽ የእጅ ባትሪ ይያዝ፤ አንቺ ስቶፕዎቹን ያዢና ባትሪውን ተመልከቺ። ሌላ ስልክ ሁለታችሁንም በአንድ ላይ ይቅረጽ፤ ባትሪውም አውራ ጣትሽም በአንድ ምስል ውስጥ ይታዩ። ወንድምሽ ባላሰብሽው ጊዜ ያጥፋው። ከዚያ ቪዲዮውን ምስል በምስል እየገፋሽ ቁጠሪ፦ መብራቱ ከጠፋበት ምስል እስከ ጣትሽ የተጫነበት ድረስ። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ ዘጠኝ ምስል ማለት 0.3 ሰከንድ ነው። ሃያ ጊዜ ደጋግሚውና አማካዩን ውሰጂ። ደክሞሽ ሳለ፣ ከሥራ እንደገባሽም ሞክሪው፤ ልዩነቱን ታያለሽ። አማካዩን ከጊዜሽ ቀንሺና መቀነስሽን ቅጹ ላይ አስታውቂ፤ ካላስታወቅሽ ሰብሳቢው ደግሞ ሊቀንሰው ይችላል።


አዳማ ነፋስ፦

ጋሼ፣ ስለ እንጦጦ የተናገርሁትን አንሥቻለሁ፤ ቦታው ራሱ መረጃ መሆኑን በዚህ መንገድ አስቤው አላውቅም ነበር። የአንታሬስንም ታሪክ አላውቅም ነበር። እህቴ፣ አንቺን ተስፋ ለማስቆረጥ አልነበረም። ካሜራ ስታገኚ ቪዲዮውን የሚተነትኑ ታንግራና ሊሞቪ የተባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ያኔ እኔም የምችለውን እረዳሻለሁ። እኔም ከአዳማ እጀምራለሁ፤ የእኛ ነፋስ የቴሌስኮፕ እግር አያስቆምም እንጂ ሰማያችን ጥሩ ነው።


የሐይቅዳሯ፦

ከወር በላይ ቆይቼ ተመልሻለሁ። ሁለት ምሽት ደመና አስቀረብኝ፤ በሦስተኛው ግን ተሳካ። ስድስት ቀን ገደማ የሞላት ጨረቃ ነበረች፤ ፕሮግራሙ የነገረኝ ኮከብ በተባለችበት ቦታ ነበረች። ከሐይቁ ነፋስ ስለተነሣ የቴሌስኮፑን እግር በአሸዋ ከረጢት አሰርሁት። ወንድሜ አጠገቤ ሬዲዮውን ይዞ በጸጥታ ተቀምጧል። ኮከቧ ከጠርዙ ጋር ልትነካካ ስትል መተንፈስ አቆምሁ፤ የተነካካች መስላኝም ለጥቂት ሰከንድ እዚያው ቆየች። ከዚያ ጠፋች፤ ስትጠፋ አልደበዘዘችም።

ያሰፈርሁት ይህ ነው። ስቶፕዎቹን ያቆምሁት በ16፡48፡00 ዩቲሲ፤ ንባቡ 1 ደቂቃ ከ7.9 ሰከንድ፤ ስለዚህ 16፡46፡52.1። የራሴ መዘግየት በሃያ ሙከራ አማካይ 0.27 ሰከንድ፤ ተቀንሶ 16፡46፡51.8። መጥፋት፣ በጨለማው ጠርዝ፣ በዓይን፣ በስቶፕዎች፣ የሰዓት ምንጭ የቢፒኤም ሬዲዮ። ትክክለኛነቱን 0.2 ሰከንድ ብያለሁ። እርግጠኛ ስለመሆኔ የሚጠይቀው ላይ «እርግጠኛ» ብያለሁ። ቴሌስኮፕ ባለ ሌንስ፣ 70 ሚሊ ሜትር። ኬንትሮስና ኬክሮስ በደብልዩጂኤስ 84። ቀኑንና የኮከቧን ቁጥርም ሞልቻለሁ። ጋሼ፣ ከመላኬ በፊት ይመልከቱልኝ።


ጡረተኛው ቀያሽ፦

ልጄ፣ ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት፤ ትክክል ነው። 0.2 ማለትሽን ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ጀማሪ 0.1 ብሎ ይጽፋል። ነፋስ እንደነበረም በማስታወሻው ቦታ ላይ ጻፊው፣ የምስሉን መረጋጋት የሚመዝን ሰው ያየዋል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ የት አለ?


የሐይቅዳሯ፦

ጂፒኤሱ ግቢው ውስጥ 1,694 ሜትር አለኝ። እሱን ልጻፍ?


ጡረተኛው ቀያሽ፦

ግቢው ውስጥ ሆነሽ ነው ያየሽው?


የሐይቅዳሯ፦

አይደለም ጋሼ፣ ሰገነቱ ላይ ነኝ። አሁን ሜትር ይዤ ወርጄ ለካሁት፤ ከመሬቱ እስከ ቴሌስኮፑ 9 ሜትር ነው። 1,703 ብዬ ጽፌ ላክሁት።